ለንጽጽር የመጣው ደለል

ደለሉ የመጣው ከተዘጋው ባሕረ ሰላጤ ነበር። እዚያ አንድ ፋብሪካ ጨረር ያለበትን ቆሻሻ ለዓመታት ውሃው ውስጥ ሲደፋ ኖሮ፣ አሁን ዙሪያው ታጥሯል፤ ማጥመድም መዋኘትም ክልክል ነው። ያው አንዱ ደለል ለብዙ ቤተ ሙከራዎች ይከፋፈላል፤ ሁሉም በየመሣሪያቸው ጨረሩን ይለካሉ፤ ከዚያ ውጤቶቹ በጉባኤ ፊት ጎን ለጎን ይነበባሉ። ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር ያመጣ ቤተ ሙከራ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ከእነዚህ ቤተ ሙከራዎች በአንዱ የናሙና አዘጋጇ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ደለሉን ማድረቅ፣ መፍጨት፣ መንፋት፣ በብልቃጥ አሽጎ ለለኪው መስጠት። ለኪው አዛውንት ናቸው። ከነጥብ በኋላ ያለችውን ቁጥር እንኳ ስለማይምሩ ባልደረቦቻቸው ጋሽ ሚዛን የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ጡረታቸው ደርሷል።

"ይቺ የመጨረሻዬ ናት" አሏት ደለሉን ሲያስረክቧት። "አደራ ልጄ፣ እንዳታሳፍሪኝ።"

"ኧረ ጋሼ፣ መቼ አሳፍሬዎት አውቃለሁ?"

በማግስቱ የተነፋውን ደለል በትሪ ይዛ በመታጠቢያ ገንዳው አጠገብ ስታልፍ ስልኳ ጮኸ። በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወሸቀችው።

"እማ፣ ባልዲዬን ቀማኝ!" ትልቋ ልጇ ናት፤ ወንድሟን ልትከስ።

"ለአያትሽ ንገሪያቸው፤ ሥራ ላይ..."

ስልኩ ሊወድቅ ሲል ልትይዘው እጇን ሰደደች። ትሪው ተንሸራተተ። ቧንቧው ክፍት ነበርና ደለሉ ዓይኗ እያየ በቀዳዳው ወረደ።

ሌላ ናሙና መጠየቅ ይቻል ነበር። ጠያቂው ግን ጋሽ ሚዛን ሊሆኑ ነው። ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ቅንጣት ያልጣሉ ሰውዬ ለጉባኤው አዘጋጆች ደውለው "ደፋነው" ሊሉ ነው።

ለምሳ ቤቷ ስትደርስ እናቷ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

"ይህን ጭቃ አንሺልኝ! ልጆችሽ ባሕሩን በባልዲ አግዘው ሊጨርሱት ነው።"

ልጆቹ ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ ውሏቸው ከሰፈሩ በታች ያለው መዋኛ ዳርቻ ነው። ባልዲው እስከ አፉ ሞልቷል።

ይዛው ተመለሰች። አደረቀችው፣ ፈጨችው፣ ነፋችው፣ አሸገችው። ልጆች ከሚቦርቁበት ጭቃ ምን ጨረር ይገኛል? ሌሎቹ ሁሉ ቁጥር ይዘው ሲመጡ ጋሽ ሚዛን ባዶ እጃቸውን ሊቀርቡ ነው። ይህን እያወቀች ብልቃጡን ሰጠቻቸው፤ ራሷን ጠላች።

የታሸገ ብልቃጥ ከመለካቱ በፊት፣ ውስጡ ያለው ጨረር እስኪረጋ፣ ለሳምንታት ይቀመጣል። መደርደሪያው ከጠረጴዛዋ ትይዩ ነውና ቀና ባለች ቁጥር ታየዋለች። ይባስ ብሎ ጋሽ ሚዛን ደግነታቸው ጨመረ። ልጆቿ አንድ ቀን ሊወስዷት ሲመጡ ከረሜላ አወጡላቸው።

"መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ፣ ጭቃ በጭቃ ሆናችሁ!" አለች።

"ተያቸው እባክሽ፤ ጭቃ ምን ያደርጋቸዋል ብለሽ ነው?"

ልጆቹ ከረሜላውን ዋጡና ጣቶቻቸውን ላሱ።

ብልቃጡ በተለካ ማግስት አላስችል ብሏት ቢሯቸው ገባች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ስለ ደለሉ..."

"አፌን አታስከፍቺኝ!" እጃቸውን አወናጨፉ። "ጉባኤው ላይ እስኪነበብ አንዲት ቃል አይወጣኝም። ደንብ ደንብ ነው።"

ተመልሳ ወጣች። ፈሪ መሆኗን ያን ዕለት አወቀች። ለራሷ ግን ቃል ገባች፤ ጉባኤው ላይ እሳቸው ሲዋረዱ ተነስታ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ትላለች። ከሥራ ቢያባርሯትም ያባርሯት።

የጉባኤው ቀን ጋሽ ሚዛን ከረባት አስረው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ ከኋላቸው ናት። ሰብሳቢው የየቤተ ሙከራውን ውጤት አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። የእነሱ ተራ ሲደርስ ልትነሳ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

"የጋሽ ሚዛን ቤተ ሙከራ" አለ ሰብሳቢው እየሳቀ፣ "እንደ ልማዳቸው ነው። ከሁላችንም ውጤት ጋር ገጥሟል።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ሽማግሌው ዞረው አቀፏት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"አኮራሽኝ ልጄ! ከተዘጋው ባሕረ ሰላጤ ደለል ጋር ልክ ለልክ!"

እፎይ አለች። ማንም አላወቀም፤ እሳቸውም አልተዋረዱም። እየሳቀች ማጨብጨብ ጀመረች። ከዚያ እጆቿ ቀስ በቀስ ቆሙ።

ሰዉን እየገፋች ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ቤት ደወለች። እናቷ ስልኩን ወዲያው አነሱ።

"እማዬ፣ ልጆቹ የት ናቸው?"

"የት ይሆናሉ ብለሽ ነው? ባልዲያቸውን ይዘው ወርደዋል።"