ቁጭ ብሎ መሮጥ

«እግርሽን ሰብስቢ» ይላል ዳይሬክተሩ፣ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እንደደቀነ። «የጠየቅኩት አፍሽን ነው፤ እግርሽን ምን አገባው?»

ከፊት ዴስክ የተቀመጠችው፣ በትንሽነቷ ድምቢጥ የሚሏት ልጅ፣ እግሮቿን ትሰበስባለች። እግሯ ሲቆም አፏም አብሮ ይቆማል። «መ፣ ሙ...» ብላ ጀምራ ነበር፤ አሁን ውሃ በአፏ እንደያዘች ሁሉ ከንፈሯን ገጥማ ሰሌዳውን ታያለች።

መምህሯ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። መልሱ ይህችን ልጅ እንደማይጠፋት ታውቃለች። በየጠዋቱ ግቢው ላይ በጠመኔ በተሠሩት ሰባት ክቦች ከ«መ» እስከ «ሞ» እየጮኸች እንደ ጉድ ትሮጣለች። ማባዛትን የተማረችው ሦስት ሦስት ጠጠር ይዛ እየተመላለሰች ነው፤ የልብን ሥራም ያወቀችው ሮጣ ስትቆም ደረቷን በመዳፏ ይዛ። ይህ ሁሉ ለዳይሬክተሩ ጨዋታ ነው። ወላጆች ጫማ አለቀብን፣ ደብተሩ ባዶ ነው ብለው ስሞታ አምጥተዋል። ዛሬ ራሱ ሊፈትናቸው መጥቷል፤ ካልመለሱ ክፍሉን ከነገ ጀምሮ ሌላ መምህር ይረከበዋል።

«አንተስ? አራት ጊዜ ሦስት?»

የተጠየቀው ልጅ ከዴስኩ ብድግ ሲል «ቁጭ በል» ይባላል። ልጁም ቁጭ፣ መልሱም ቁጭ።

ያን ጊዜ የመምህሯ ቆሌ ይገፈፋል። አንድም ቀን ቁጭ ብለው እንዲመልሱ አላለማመደቻቸውም። ሩጫውን አስተምራ፣ እንዴት ይዘውት ወደ ወንበር እንደሚመለሱ ማሳየት ረስታለች። ሰውየው ይህን አግኝቶባታል። በራሷ ትናደዳለች። ቀጥላ በእሱ ትናደዳለች፣ ይኼኛው ይብሳል።

«አየሽ?» ይላል ዳይሬክተሩ። «ፈተና ላይም ሊሮጡ ነው?»

«አይሮጡም፣ ጋሼ። አንድ ትምህርት ይቀረኛል፤ እሱን አሁን አስተምራቸዋለሁ።» ሄዳ በሩን ትከፍታለች። «ተነሱ ልጆች፣ ወደ ክቦቹ።»

«ከዚህ በር አንድ ልጅ ቢወጣ፣ ክፍሉን የምታስረክቢው ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ነው።»

መምህሯ በሩን እንደከፈተች ትይዘዋለች። «ክፍሉን ይውሰዱት። ልጆቹን ግን እንዲህ አፋቸው እንደተያዘ ትቻቸው አልሄድም።»

ልጆቹ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያሉ። ከዚያ ዴስኮቹ ይንኳኳሉ፣ በሩም ይጠባቸዋል።

እሷም ጫማዋን አውልቃ አብራቸው ትሮጣለች። በእያንዳንዱ ክብ ላይ ፊደሉን እየጠሩ፣ ሄደው ተመልሰው፣ ግቢው በጩኸት ይሞላል። የሌሎች ክፍሎች መስኮቶች ይከፈታሉ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዘበኛ ይጥራ አይጥራ የእሱ ጉዳይ ነው ብላ ጀርባዋን ትሰጠዋለች።

«አሁን በእርምጃ» ትላለች። ይራመዳሉ፣ ድምፃቸውም ዝቅ ይላል። «አሁን ቆማችሁ፣ በዓይናችሁ ብቻ ሩጡ።» ዓይኖቻቸው ከክብ ክብ ይሄዳሉ። «አሁን መሬት ላይ ቁጭ። እግር አይነቃነቅ። ዓይናችሁን ጨፍኑና በሆዳችሁ ሩጡ።»

ግቢው ጸጥ ይላል። የልጆቹ ሽፋሽፍት ይርገበገባል። አንዱ ከንፈሩን ይነክሳል።

«ድምቢጥ» ትላለች መምህሯ።

«መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ...» ልጅቷ ትቆማለች። መምህሯ ልትነግራት አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ነገ አጠገቧ አትኖር ይሆናል፤ ይህችን ክብ ልጅቷ ራሷ ትለፋት። ትጠብቃለች።

«...ሜ፣ ም፣ ሞ።»

ድምቢጥ ዓይኗን ትገልጣለች። ከተቀመጠችበት ንቅንቅ ሳትል፣ ረጅም መንገድ እንደሮጠ ሰው ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመው ሰውዬ አንጋጣ ታያለች።

«ጋሼ፣ ሌላ ይጠይቁኝ።»

«ወደ ክፍል ግቡ» ይላል ዳይሬክተሩ።

ማንም አይነሳም። እግራቸውን አጣጥፈው አቧራው ላይ እንደተቀመጡ፣ ሁሉም ቀና ብለው ጥያቄውን ይጠብቃሉ።