መሪው ላይ ያለው ደም

ብረቱ የሚል ስም ያወጣለት የእጁ ቆዳ ነው። ሚስማር ቢወጋው አይሰማውም፤ ጓንት ደግሞ የሙሽራ ነው ባይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጋጨና የተገለበጠ መኪና ሲያነሳ የኖረው በባዶ እጁ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እሱና የክሬኑ ሹፌር አንዲት ነጭ መኪና ቦይ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ አገኟት። ሹፌር የለም።

«ሐኪም ቤት ወስደውት ይሆናል» አለ የክሬኑ ሹፌር። «ጓንት አድርግ እንጂ አንተ ሰው!»

«ተወኝ ባክህ።»

ብረቱ በተሰበረው መስኮት እጁን ሰደደ። የእጅ ፍሬኑን ሊለቅ ሲል ወርዶ አገኘው፤ ሥራ ተቀነሰለት። መሪው ግን አልላወስ ብሎ አታገለው።

መኪናዋ ተስባ ስትወጣ በሩን ከፈተ። መሪው፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ደም በደም። እጁን ቢያይ እሱም ደም። ሲታጠብ መዳፉ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ብቅ አለ። ብረቱ ቀለጠ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ቁስሉን አሽጋ የኤችአይቪ መከላከያ እንክብል ሰጠችው። «ሃያ ስምንት ቀን ትውጣለህ፤ የጉበት በሽታ ክትባትም ትወስዳለህ። የደሙ ባለቤት ተገኝቶ ቢመረመር ግን ቶሎ ይለይልን ነበር።»

ቤቱ ገብቶ ሶፋ ላይ ተኛ። ብርጭቆውን ለየ። የአራት ወር ልጁ እጇን ስትዘረጋለት ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሚስቱን «ጉንፋን ነው» አላት።

ሐሙስ የመኪናዋ ባለቤት መኪናዋን ልትወስድ መጣች፤ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል እንጂ ጭረት እንኳ የለባትም። ብረቱ ጣቷን ሲያይ ነፍሱ መለስ አለች።

«እትዬ፣ እዚህ መኪና ውስጥ ነው የተጎዱት?»

«ኧረ መርፌ ነው! ዛሬ ጠዋት ነው የወጋኝ።»

ጉድ ፈላ! ያ ሁሉ ደም የማን ሊሆን ነው? ሴትየዋ የደበቀችው ሰው አለ ማለት ነው።

«አብሮዎት የነበረውን ሰው ይንገሩኝ። ለባለቤትዎ ትንፍሽ አልልም።»

«የምን ሰው?» ነጠላ ጫማዋን እያየች ሻርፗን አስተካከለች።

«እትዬ፣ ልጄን ካቀፍኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው! በሞቴ፣ ማን ነበር የሚነዳው?»

ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባሌ እንዳይሰማ አደራህን፤ ደጃፌ ላይ አቁሜያት የእጅ ፍሬን መያዝ ረስቼ፣ ባዶዋን ተንደርድራ ነው ቦይ የገባችው።»