ድመት የሌለበት ክፍል

“አዲስ ገጽ ግለጡና አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ የምታዩትን ጻፉ። አንድ ሙሉ አረፍተ ነገር ብቻ” ይላል ተቆጣጣሪው፣ እጆቹን ከኋላ አጣምሮ። መምህርቷ እሳት እንደ ገባ ጅማት ኩምትር ትላለች።

እንዲህ ብሎ ይጠይቃል ብላ አላሰበችም። ለቋሚነት የሚገመግማት ሰው እንደሚመጣ ከሰማች ጀምሮ ልጆቹን አንዲት አረፍተ ነገር ስታስጠና ከርማለች፤ “ድመቷ ወተት ጠጣች።” በዜማ ብለዋታል፣ በጣታቸው አየር ላይ ጽፈዋታል፣ ለእረፍት ሲወጡም ጮክ ብለው ደግመዋታል። ሰውየው ዛሬ ካልፈረመላት ከነገ ወዲያ ይህን ክፍል የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነው።

እግሯ አልረጋ ብሏታል። መስኮቱን ትከፍታለች፤ መልሳ ትዘጋዋለች። ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ትጠርጋለች። ልጆቹ ግን ምን ገዷቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይሞነጫጭራሉ። የፊተኛውን ልጅ ደብተር አጮልቃ ታያለች፤ ድመቷ ወተት ጠጣች። የሚቀጥለውም ድመቷ። ከእሱ ወዲያ ያለው ወተቱን አስቀደመ እንጂ ያችው ድመት ናት። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

ተቆጣጣሪው አንዱን ደብተር ብድግ አድርጎ ያነባል። “ድመቷ የታለች?”

ልጁ ዴስኩ ስር ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። አጠገቡ ያሉትም ይፈልጋሉ። አንዷማ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ታያለች።

“ጠጥታ ወጣች ጋሼ” ይላል ልጁ ቀና ብሎ።

ሰውየው አይስቅም። የግምገማ ፋይሉን ብብቱ ስር አጥብቆ ወደ ኋላ ያመራል። መምህርቷ ትቀድመዋለች፤ እዚያ ጥግ ላይ ጉንዳን አለችና። ጉንዳን ያሏት ልጆቹ ናቸው፣ ፊደሏ ደቃቅ ስለሆነ። ዓመቱን ሙሉ አንድ አረፍተ ነገር ጨርሳ አታውቅም። “እናቴ” ብላ ትጽፍና ቀሪውን ጊዜ በመስኮት ስታይ ትውላለች። መምህርቷ የቸኮለችው ሰውየው ሳይደርስ የልጅቷን እጅ ይዛ ድመቷን ልታስጽፋት ነው፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ገጹ ባዶ አይደለም። “ቲቸር ፈራች።” ይላል።

መምህርቷ ደግማ ታነበዋለች። ደስታና እፍረት አንድ ላይ ይመጡባታል። ከማንም አልተቀዳም፣ በዜማም አልተጠናም። ልጅቷ አየች፣ ጻፈች፤ ጨረሰች። የሰውየው ጫማ ግን ከኋላ እየቀረበ ነው። ላጲሱ ደብተሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሁለቴ ብታሸው ይጠፋል። ታነሳዋለች።

“ልክ አይደለም ቲቸር?” ትላለች ጉንዳን።

ላጲሱ እጇ ውስጥ በላብ ይርሳል።

“ልክ ነው” ትላለች በመጨረሻ። “ልክ ነው የኔ ልጅ፤ በጣም ልክ ነው።” ላጲሱን ኪሷ ከታ ዞር ትላለች፣ ሰውየው እንዲያነብ።

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ ያነባል። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግና እንደገና ያነባል። ከዚያ መምህርቷን ያያታል፤ ጠዋት ከገባ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

“ማንን ነው የፈራችው?” ይላል ልጅቷን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጉንዳን በአፏ አትመልስለትም። ከታች ሌላ መስመር ጀምራ “ሰውየው” ብላ ትጽፍና ታቆማለች።

ተቆጣጣሪው ይጠብቃል። ፋይሉን ዴስኩ ላይ ያስቀምጥና ከእሷ እኩል እስኪሆን ቁጢጥ ይላል።

“እሺ ሚጡ” ይላል፣ “ሰውየው ምን አደረገ?”

ጉንዳን ፊቱን አይታ አይታ፣ እርሳሷን ወደ ወረቀቱ ትመልሳለች።