በሰሃን የመጣው ጭቃ

«ነገ ስሜን እንዳትጠሪ» አለ ኢንሶክ፣ ገና ደጃፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ።

ማልሱን እርሳሷን አላስቀመጠችም። ነገ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆማ የምትጸልየው ባለ ተራ እሷ ናት፤ ጸሎቷን ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያኗ ልማድ ቀድማ በወረቀት ትጽፋለች። ተራዋ በደረሰ ቁጥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ መስመር ቀርታ አታውቅም። «ትምህርት ያሳተውን ልጄን ኢንሶክን መልስልኝ» ትላለች፤ ስልሳው ምእመን በአንድ አፍ አሜን ይላል።

«ስለ ልጇ የማትጸልይ እናት የት አይተሃል?»

«እቤትሽ ጸልዪ፣ ማን ከለከለሽ? አሁን እንኳ ስመጣ ዓሣ ሻጯ እጄን ይዛ ‹ተመለስክ ወይ?› አለችኝ። ሰው ሁሉ እንደ ጠፋ በግ ነው የሚያየኝ። ነገ ከጠራሽኝ፣ እማ፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም።»

ድምፁን አላነሳም። ያስፈራትም እሱ ነው። ሲጮህ ቶሎ ይበርድለታል፤ ረጋ ብሎ ከተናገረ ግን የምሩን ነው።

ከቦርሳው ክዳን ያለው ነጭ ሰሃን አውጥቶ አጭሩ ገበታ ላይ፣ ከኮምጣጣው ጎመን ከኪምቺው ጎን አስቀመጠና ከፈተው። ውስጡ ግራጫ ጭቃ ነው።

«እንዴ! የምንበላበት ላይ?»

«ከትናንት በስቲያ ከእኛው ባሕር የዛቅኩት ነው። ላሳይሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት ያየሁትን ጭቃ ልታሳየኝ?»

እውነቷን ነው። ከተሞሸረችበት ዓመት ጀምሮ አንድ ጉልበቷን ሳንቃ ላይ አንበርክካ፣ በሌላው እግሯ እየገፋች፣ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር እዚያ ጭቃ ላይ ለገበያ የሚሆን ዛጎል ስትለቅም ኖራለች። በዚያው ነው እሱን ያስተማረችው። «በጭቃ አስተማርኩት፣ እሱ ደግሞ ሄዶ ጭቃ ተማረ» እያለች ጎረቤቱን ታስቅ ነበር። ልጁ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲያቆም ቀልዱም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማጉያ መነጽሩን አምጥቶ እዪልኝ ቢላት እሺ ብላ አታውቅም። ልጄን የወሰደ ነገር እኔንስ ቢወስደኝ እያለች ትፈራለች።

ሾርባውን ቀዳች። ጎንበስ ብላ ስትጸልይ ማንኪያውን ይዞ ጠበቃት። ቀና ስትል ዓይኗ ሰሃኑ ላይ አረፈ። የጭቃው ዳር ቢጫ ሆኗል። እያየችው ቢጫው ወደ መሐል ተስፋፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ሰሃኑ ሙሉ ወርቅ መሰለ።

«ምን ጨመርክበት?»

«ምንም። ሲከፈት አይተሻል፣ እጄን አላስነካሁትም። ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፣ እማ። ጣትሽ ጫፍ ላይ እልፍ ሆነው ይቆማሉ። ባሕሩ ሲሸሽ ብርሃን ሊጠግቡ ከጭቃው ይወጣሉ፤ ውሃው ሊመለስ ሲል ደግሞ ተመልሰው ይገባሉ።»

«ባሕሩ እዚህ የታል ታዲያ?»

«የለማ።»

ማልሱን ሰዓት አላየችም። የባሕሩን መምጣትና መሄድ ሰውነቷ ያውቀዋል። በዚህች ሰዓት ከኮረብታው ወዲያ ውሃው ጭቃውን ለቆ ርቋል።

«ማን ነገራቸው?» አለች ቀስ ብላ።

«የሚቆጥር ነገር ውስጣቸው አለ። እዚህ ድረስ እናውቃለን። ከዚያ ወዲያ እኔም አፌን ይዤ ነው የማየው።» ፊቱን አየችው። ሊያላግጥባት አልመጣም፤ እሱም ደንቆታል።

ከወርቁ በጠብታ ቀንሶ መስታወት ላይ አኖረና ስልኩ ላይ ትንሿን ማጉያ ለጠፈ። ስልኩን ተቀበለችው። ጥርት ያሉ የመስታወት ታንኳዎች ታዩዋት፤ ሆዳቸው ወርቅ የተሞላ፣ መቅዘፊያ የሌላቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይገጭ የሚተላለፉ። ቆጥራ የምትዘልቃቸው አይደሉም። ይሄ አንድ ጠብታ ነው። ያን ሁሉ የባሕር ዳር አሰበችው። የፈራችው ደርሶ እንደሆነ ብላ ጌታዋን በልቧ ፈለገችው፤ እዚያው አለ። ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር።

«ውሃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል» አለችው።

«እንግዲያው ከዘጠኝ በፊት እዪ።»

ተቀመጡ። ሾርባው በረደ፤ የነካው የለም። ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወርቁ ከዳር መሳሳት ጀመረ፤ ከዚያ መሐሉም ሟሸሸ፤ ሰሃኑ ላይ ግራጫ ጭቃ ብቻ ቀረ። ሁልጊዜ ደጇ ላይ ከጉልበቷ በውሃ የምታጥበው እድፍ ይሄ ነው። ማልሱን አለቀሰች፣ አላፈረችበትም።

ወረቀቱን ሳበች። የልጇ ስም ያለበትን መስመር በላጲስ አጠፋችና ብዙ ቆይታ ሌላ ጻፈች። ከዚያ ነገ እንደምታነበው ድምፅዋን አውጥታ አነበበች።

«ጌታ ሆይ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት በላያቸው ስመላለስ አላየኋቸውም። ልጄ ኢንሶክ አሳየኝ።»

እዚህ ጋ ሕዝቡ አሜን ይላል፤ ከልማዷ የተነሳ ቆም አለች።

«ስምህን ጠራሁ» አለች።

«ሰማሁ።»

«ላጥፋው?»

ኢንሶክ ወረቀቱን ተቀብሎ መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበባት። መልሶ ሰጣት።

«ቀጥይ፣ እማ» አለ።