የናሴሪያን ላም

ናሴሪያን ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በሳምቡሩ ቋንቋ ትጮኻለች። ጀዋሂር አንድም ቃል አይገባትም። እሷ ለአስተርጓሚነት የመጣችው በስዋሂሊ ነው፤ ስደተኛ ሆና ኬንያ፣ ኢሲዮሎ ከተማ ስታድግ በለመደችው።

ከመጋረጃው ማዶ፣ በመሃል ከተማው ሆቴል አዳራሽ፣ ቁርስ ላይ ያለ እንግዳ ይጠብቃል። የመጣው አንበሶችን ከአዳኝ ስለሚጠብቁት የሳምቡሩ ሴቶች ሊሰማ ነው። መሪያቸው ናሴሪያን ናት።

«ምን ሆነ?» አለቻት ጀዋሂር።

«አንበሳዋ ላሜን ገደለችብኝ።» ናሴሪያን ስልኩን በመዳፏ ከደነችው። «ልጄ ጎረምሶቹን አስከትሎ ወጥቷል። ጦር ይዘዋል። ቁጥቋጦ ውስጥ ከበዋታል።»

«እናንተ የምትጠብቋትን?»

«እሷኑ። ደቦሎች አሏት።»

የዝግጅቱ አስተባባሪ ኤልዳና መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «ጀዋሂር፣ ፕሊዝ፣ ውጡ! ሰዉ እየጠበቀ ነው።» ነገሩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «ኦ ማይ ጋድ። ሊስን፣ የላሟን ነገር ስኪፕ ታድርገው። ሰዉ ተስፋ ሊሰማ ነው የመጣው። ካወራችም አንቺ ዝለይው፣ ኦኬ?»

ናሴሪያን ስልኩን ሳትዘጋ ወደ መድረኩ ወጣች። ጀዋሂር ተከተለቻት።

«ልጄ እዚህ ስልክ ላይ ነው» አለች ናሴሪያን በስዋሂሊ። «ላሜን የገደለችውን አንበሳ ሊወጋ ቆሟል። እሱ እየሰማኝ ለእናንተ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ማውራት አልችልም።»

ጀዋሂር ዞር ስትል ኤልዳና ከመጋረጃው ጥግ አይሆንም በሚል ራሷን ትነቀንቃለች። ጀዋሂር ማይኩን አስጠግታ አንድ ሳታስቀር ተረጎመችው። የሹካው ኳኳታ ቆመ።

ናሴሪያን አዳራሹ እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ሰው እየሰማው መሆኑን ልጇ እንዲያውቅ ይመስላል፣ አሁንም በስዋሂሊ ነው የምታወራው።

«ላሚቱን ከጥጃነቷ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የተጎዳሁት እኔ ነኝ። መቆጣትም የሚገባኝ እኔ ነኝ። በእኔ ቁጣ አንተ ጦር አትወርውር።»

ከስልኩ ንፋስ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ጎረምሶች ሲጨቃጨቁ፣ አንዱ ሲጮኽ፣ የሚሮጥ ሰው ኮቴ። ናሴሪያን ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ጀዋሂር የምትተረጉመው ነገር አልነበራትም፤ እሷም እንደ አዳራሹ ሰው ጠበቀች።

«እማዬ» አለ ልጁ፣ እሱም በስዋሂሊ፣ እያለከለከ። «ትተናታል። እየተመለስን ነው።»

ጀዋሂር ተርጉማ ሳትጨርስ አዳራሹ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። ኤልዳና እንባዋን እየጠረገች ታጨበጭባለች።

ናሴሪያን ማንንም አላየችም። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው። «የላሚቱ ጥጃስ?»

«የሞተችው እናቷ አጠገብ ቆማ እምቧ ትላለች። ብንጎትታት አልንቀሳቀስ አለች።»

በጭብጨባው መሃል ይኼን የሰማችው ጀዋሂር ብቻ ናት። ናሴሪያን መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። ለቅሶዋ የደስታ የመሰለው ሕዝብ ጭብጨባውን አደመቀው።

ጀዋሂር ማይኩን አጥፍታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ከጎኗ ተቀመጠች።