የእርማቱ ምክንያት

የመድኃኒት ሙከራ ውጤት የሚመዘግብ ሁሉ እውነት የሚያጣራ አምባር እንዲያስር ከታዘዘ ወዲህ፣ አንዱዓለም ይህንኑ ሥራ የምትሠራውን ሚስቱን ፍሬሕይወትን «የሠራሁት ወጥ ጣመሽ?» ብሎ መጠየቅ ትቷል። አምባሩ ከእጇ ቤትም አይወልቅም። አንዴ የተነገረ ቃል አይሰረዝም፤ ስህተት ከሆነ እርማቱ ከነምክንያቱ ይታከልበታል። ምክንያቱ ውሸት ከሆነ ቀይ ይበራል። እውነተኛውን ሳይናገር ያደረ ሰው ደግሞ በማግስቱ ላቦራቶሪ አይገባም።

ያን ቀን እራት ላይ ፍሬሕይወት የሥራ ቦታ ቀልድ እያወራች ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ሳያባራ፣ «እስቲ ውሃውን አቀብለኝ፣ ሶፎንያስ» አለችው።

ሶፎንያስ የሥራ ባልደረባዋ ነው። አንዱዓለም ድሮም ስሙ ሲነሳ ደሙ ይፈላል። ጆጉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ውይ! አንዱዬ ማለቴ ነው።»

«እርማቱ ተመዝግቧል» አለ አምባሩ። «ምክንያት?»

«ድካም ነው።»

ቀይ በራ።

«የሥራ ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

አሁንም ቀይ።

«ንገሪው እንጂ!» አለ አንዱዓለም፣ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጎ። «ነገ ሥራ ትገቢ የለ? እዚያ ሰው ይጠብቅሽ የለ?»

ፍሬሕይወት አንገቷን ደፋች።

«ስስቅ ብዙ ጊዜ አጠገቤ ያለው እሱ ስለሆነ ነው» አለች ቀስ ብላ።

አንዱዓለም ቀይ እንዲበራ በልቡ እየለመነ አምባሩ ላይ አፈጠጠ።

አረንጓዴ በራ።