የተራበው ዘንዶ

ደረጄ ዘንዶውን ከመተማ በረሃ አምጥቶ ደብረ ታቦር ሲያስገባው ሰፈሩ ሁሉ አማተበ። እሱ ግን የእንጀራ ገመዱ አደረገው። በየእሑዱ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወስደውና፣ ሊታጠብ የመጣው ሰው አንገት ላይ ጠምጥሞ ፎቶ ያነሣል።

"አይበላንም?" ለሚሉት ሁሌ አንድ መልስ ነበረው።

"በሁለት ሳምንት አንድ ዶሮ ይበቃዋል። የበላ ለታ ሕፃን አጠገቡ ብታስተኛ አይነካም፤ እንደ ጤፍ ጆንያ ተጋድሞ ይውላል። የሚከፋው ሲርበው ነው።"

ዘንዶው ዶሮ ሲጠግብ፣ ሚስቱ እመቤት ዱላ ትጠግብ ነበር። ደረጄ የሚገርፋት ከበሩ ጀርባ በሚንጠለጠለው የቆዳ ጠፍር ነው። አንዴ ክንዷን ሲሰብራት ጋፋት ያለው ወንድሟ ዘንድ ሸሸች። ሽማግሌ ተላከ፤ "ትዳር ነው፣ ቻይው" ተባለችና ተመለሰች። በልጅነቷ ወይፈን በገመድ ጠልፋ የምትጥል የገበሬ ልጅ፣ አሁን ስትገረፍ እንኳ አትጮህም። በግድግዳ የሚዋሰኗት እትዬ አበበች የሚሰሙት የጠፍሩን ድምፅ ብቻ ነበር።

በጥቅምት ደረጄ ሐሙሲት ላይ ሌላ ሴት ወደደ። ዶሮ መግዛትም አቆመ። የዘንዶውን ሣጥን ከአልጋቸው አጠገብ አደረገና እንዲሞቀው አምፖል አበራለት።

"እስከ ኅዳር ሚካኤል ላባ እንዳይቀምስ" አላት።

"ለምን?"

"በሚካኤል ማታ ሣጥኑን ከፍቼ በሩን እቆልፍብሻለሁ። ሰው የሚለው 'አውሬ ነው፣ አመለጠ' ነው። ማን ይጠይቀኛል?"

እትዬ አበበች ይህን በግድግዳው ሰሙ። በማግስቱ ደረጄ ሲወጣ ጠብቀው ገቡ።

"ልጄ፣ ነይ እኔ ቤት እደሪ።"

"በሽማግሌ ይመልሱኛል፣ እትዬ።"

"እና ሞትሽን ቁጭ ብለሽ ልትጠብቂ ነው?"

"ሚካኤል ያውቃል" አለችና ለቀዩ አውራ ዶሮዋ ጥሬ በተነችለት። ከዶሮዎቿ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ዘንዶው በልቷቸዋል።

ዘንዶው እየከሳ ሄደ። ሰው ባለፈ ቁጥር ራሱን ቀና አድርጎ ከሣጥኑ ሽቦ ጀርባ በዓይኑ ይከተላል። እትዬ አበበች እንቅልፍ አጡ።

በሚካኤል ዋዜማ ደረጄ ሰክሮ ገባ። እትዬ አበበች ዕቃ ሲሰበር፣ አልጋው ሲንቋቋ፣ ታፍኖ የሚያጓራ ድምፅም ሰሙ። ቀኑን አስቀድሞ አደረገው ብለው፣ በጋቢያቸው ተሸፋፍነው "ድረስላት!" እያሉ አለቀሱ። ወጥቶ ማንኳኳት ፈሩ።

ጠዋት አረፈዱ። ለወትሮው የሚቀሰቅሳቸው የዶሮ ጩኸት ያን ቀን አልተሰማም። የቀሰቀሳቸው የእመቤት እሪታ ነው።

ሚሊሻው ታምራት በሩን በርግዶ ገባ። ደረጄ አልጋው ላይ ዓይኑ ፈጦ፣ ምላሱ ወጥቶ ሞቷል። የጭን ውፍረት ያለው ዘንዶ ደረቱ ላይ ተጋድሟል። የደረጄን አንገት ጣት የሚያህል ጥቁር ሰንበር ዞሮታል። እመቤት ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ መዳፎቿ ተልጠው ደም አዝለዋል።

"ከላዩ ልጎትተው ብታገል አቃተኝ" አለች።

ታምራት መጥረቢያውን አነሣ። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ዘንዶው ሲመታ ራሱን እንኳ ቀና አላደረገም።

እትዬ አበበች እመቤትን አቅፈው አለቀሱ። "ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም። ላንቺ ያስራበው እሱኑ ገደለው።"

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የአውሬውን ሬሳ እየጎተቱ አውጥተው፣ ጠፍሩ ታጥቦ ከተሰጣበት አጥር ሥር ጣሉት።

"ወር ሙሉ ያልቀመሰ አንጀት ምን ይመስላል? እስቲ እንየው" አለ ታምራት፤ ሆዱንም በቢላዋ ተረተረው።

ቀዩ አውራ ዶሮ ከነላባው ወጣ።